ሰርተፍኬቱን ይዘን የደንበኛ እጅ ስንይዝ መተማመኑ ከየት ይምጣ? (ለአዲስ የጥፍር ባለሙያዎች)

አዲስ_ቲፕ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ስልጠና ጨርሰን ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ያለፍን ልጆች ሳሎን መግባት ጀምረናል። ስንሰለጥን አብዛኛውን የሰራነው በፕላስቲክ እጅና እርስ በርሳችን ነው። አሁን ገንዘብ የሚከፍል ሰው ፊታችን ሲቀመጥ ሦስት ነገር ይከብደናል። አንደኛ፣ ጄሉ (በላምፕ ብርሃን የሚደርቀው የጥፍር ቀለም) በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ከጥፍሩ ተላቆ ይነሳል፤ ለምን እንደተነሳ ግን አናውቅም። ሁለተኛ፣ ተራ ጄል ፖሊሽ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅብናል። ሦስተኛ፣ ደንበኛዋ "ይሄ ለምን ሆነ?" ስትል የምንመልሰው ይጠፋናል። "ልምድ ሲመጣ ይለቃችኋል" የሚለውን ሰምተናል። እባካችሁ ነገ ጠረጴዛ ላይ የምንሰራበትን ነገር ንገሩን።

አሰልጣኝ_ወ፦
እህቴ፣ ጥያቄሽ ሦስት ይምሰል እንጂ አንድ ነው። የተነሳ ጥፍር አይታ ምክንያቱን መለየት የምትችል ልጅ እጇ አይንቀጠቀጥም፣ ለደንበኛም መልስ አታጣም፣ የማያስፈልገውን ስለማትደጋግም ሰዓቷም ያጥራል። ስለዚህ ከመነሳቱ ልጀምር።

መጀመሪያ በየት በኩል እንደተነሳ እዪ። ቀጥለሽ የተላቀቀውን ቁራጭ ገልብጠሽ ውስጡን ብርሃን ላይ ተመልከቺው። ብዙ ልጆች ሳያዩት ይጥሉታል፤ መልሱ ግን እሱ ላይ ነው ያለው።

በኪዩቲክል (በጥፍሩ ሥር ባለው ስስ ቆዳ) በኩል ተነስቶ ውስጡ ላይ ነጭ፣ ስስ፣ እየተፈረፈረ የሚወጣ ነገር ካየሽ፣ የሞተው ቆዳ ከጥፍሩ ገጽ ላይ አልጸዳም ማለት ነው። ጄሉ የያዘው ጥፍሩን ሳይሆን ያንን ቆዳ ነበር፤ ቆዳው ሲላቀቅ ጄሉን ይዞት ይሄዳል። ውስጡ ንጹህ ሆኖ ጠርዙ ላይ ወፍራም ከንፈር የመሰለ ነገር ካለ ደግሞ ጄሉ ቆዳ ላይ ፈስሶ ሳይጠረግ ላምፕ ገብቷል። ቆዳ ይንቀሳቀሳል፣ የደረቀ ጄል አይንቀሳቀስም፤ በዚያች ክፍተት ውሃና ቅባት ይገባል።

በጎን በኩል ከሆነ፣ በፈሩ (ገጹን የሚያሻክረው ለስላሳ ፋይል) ወደ ሁለቱ ማዕዘኖች አልደረሰም። በአውራ ጣትሽ የጎኑን ቆዳ ወደ ታች ሳብ አድርገሽ ካልከፈትሽው ሁልጊዜ ያመልጥሻል። በጫፍ በኩል ከሆነ፣ ወይ ጫፉ በቤዝና በቶፕ (ከቀለሙ በታችና በላይ በሚቀባው ጄል) አልተዘጋም፣ ወይ ቶፕ ከተቀባ በኋላ ርዝመቱ በፋይል ተቀንሷል፣ ወይ ደንበኛዋ በጥፍሯ ጣሳ ትከፍታለች።

ሙሉው እንደ ልጣጭ ከወጣ ውስጡን በስቲክ ጫር አድርጊው (በጣትሽ አትንኪው)። ለስላሳ ወይም የሚያጣብቅ ከሆነ አልደረቀም፤ ችግሩ የላምፕ ነው ወይም ወፍራም ቀብተሻል። ደረቅና እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ የጥፍሩ ገጽ አልተዘጋጀም፣ ጄሉ የሚይዘው ነገር አላገኘም።

ከዚያ ቁጥሩን እዪ። አሥሩም ከተነሱ ምርቱን፣ ላምፑን ወይም ዝግጅትሽን ጠርጥሪ። አውራ ጣቶቹ ብቻ ከሆኑ እጅ ላምፕ ውስጥ ሲገባ አውራ ጣት ወደ ጎን ስለሚያዘነብል ብርሃኑ ገጹን በደንብ አያገኘውም፤ አራቱን ጣት ለብቻ፣ ሁለቱን አውራ ጣት አንድ ላይ ለብቻ አስገቢ። የምትጽፍበት እጅ ላይ ብቻ ከሆነ አጠቃቀም ነው። አንድ ጥፍር ብቻ ሁልጊዜ እየተመለሰ የሚነሳ ከሆነ ጥፍሩ ራሱ ችግር ሊኖረው ይችላል።

ስለ ዝግጅት ደግሞ ሳሎኖቻችን ውስጥ የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ እባካችሁ ተዉት። እጅን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማኒኪዩር ሰርቶ ወዲያው ጄል መቀባት። ጥፍር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ላዩ ላይ የደረቀው ጄል ግን አብሮት አይሸበሸብም። ለጄል በደረቁ ነው የሚሰራው፦ ኪዩቲክል ማለስለሻ ከተጠቀምሽ አጥበሽ አድርቂ፣ ኪዩቲክሉን በፑሸር (በመግፊያው) ግፊ፣ ገጹ ላይ የቀረውን ስስ ቆዳ አንሺ፣ በ180 ወይም በ240 በፈር (ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ ነው) ብልጭታውን ብቻ አጥፊ፣ ብናኙን ጥረጊ፣ በአሴቶን ወይም በ99 ከመቶ አልኮል የራሰ ፋይበር የማይለቅ ጨርቅ አንድ ጊዜ አብሺ። ከዚያ በኋላ ያን ጥፍር በጣትሽ አትንኪው፤ አንድ ንክኪ ቅባት ይመልሳል። ደንበኛዋም ስልኳን እንዳታነሳ ቀድመሽ ንገሪያት።

ጠረጴዛ_4፦
የአሰልጣኝ ወ ላይ ስለ ላምፕ ልጨምር። ዋቱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ያደርቃል ማለት አይደለም። ጄሉ የሚደርቅበት የብርሃን ሞገድ አለ፤ አብዛኞቹ 365 እና 405 ናኖሜትር ላይ ነው የሚሰሩት፣ ላምፕሽ ሁለቱንም መስጠቱን ካርቶኑ ላይ አንብቢ። ሰዓቱን ደግሞ የጄሉ ጠርሙስ ላይ ከተጻፈው ውሰጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ በኤልኢዲ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ፣ በድሮው ዩቪ 2 ደቂቃ ነው። መብራት ስለሚቆራረጥ ቻርጅ የሚደረግ ላምፕ መያዝ ጥሩ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ግን ብርሃኑም ሊደክም ስለሚችል ማታ ማታ ሞልታችሁ እደሩ። ጥቁርና ድፍን ቀለም ላይ ብርሃን ወደ ውስጥ በደንብ ስለማይገባ ሁለት ሳይሆን ሦስት እጅግ ስስ ሽፋን መቀባት ይሻላል።

ወደ ሰዓቱ። አሮጌ ጄል የሌለበት ንጹህ እጅ ላይ እንዲህ ከፋፍሉት፦ ጥያቄ፣ እጅ ማጽዳትና አሮጌ ተራ ቀለም ማንሳት 5 ደቂቃ። ቅርጽ 8። ኪዩቲክልና በፈር 15። ማድረቅና ቤዝ 7። ሁለት ሽፋን ቀለም 20። ቶፕ፣ ማበስና ዘይት 10። ድምሩ 65 ነው፤ ለመጀመሪያ ወራት 75 ይዛችሁ ቀጠሮ ስጡ። ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና በየደረጃው ሰዓት ተመልከቱ። ሁለት ሰዓት ተኩል ከፈጀ የትኛው ደረጃ እንደበላው በአንድ ቀን ታውቃላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ቅርጽ ላይ መመላለስ። ከሁሉ አጭሩን ጥፍር መጀመሪያ ቅረጹና ሌሎቹን ወደ እሱ አምጧቸው፤ በረጅሙ ከጀመራችሁ ማለቂያ የለውም። ሁለተኛው አንዱን ጥፍር ከጥግ እስከ ጥግ ጨርሶ ወደሚቀጥለው መሄድ። አንዱን ደረጃ አሥሩም ላይ ጨርሱ፣ አንዱ እጅ ላምፕ ውስጥ ሲሆን ሌላውን ስሩ።

የእጅ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። ክንዳችሁ እስከ ክርን ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ብሩሽ የያዘው እጅ ትንሿ ጣት ሌላው እጃችሁ ላይ ወይም የደንበኛዋ ጣት ላይ ትደገፍ። የደንበኛዋ እጅ አየር ላይ ከሆነ የማንም እጅ አይረጋም፤ ትንሽ ትራስ ስሩላት። ወንበራችሁ ዝቅ ካለ ትከሻችሁ ይነሳል፣ ትከሻ ሲነሳ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ስትቀቡ ጠብታውን የጥፍሩ መሃል ላይ አሳርፉ፣ ብሩሹን ወደ ኪዩቲክል ቀስ አድርጋችሁ ግፉ፣ 1 ሚሊሜትር ሲቀር አቁሙ፣ ከዚያ ወደ ጫፍ ሳቡ። ቀጥሎ ግራ ጎን፣ ቀኝ ጎን፣ መጨረሻ ጫፉን ዝጉ። ቆዳ የነካ ካለ ላምፕ ሳይገባ በቀጭን ብሩሽ አልኮል ነክራችሁ አንሱ። ያቺን 1 ሚሊሜትር የማቆም ልምምድ ለማድረግ ደንበኛ አያስፈልግም፦ ነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ግማሽ ክብ ሥሩና በተራ የጥፍር ቀለም መስመሩን ሳትነኩ ተከተሉት።

ፕላስቲክ እጅ ለዚህ ይጠቅማል፣ ለዝግጅት ግን አይጠቅምም። ቅባት የለው፣ ላብ የለው፣ የሚያድግ ቆዳ የለው። ፕላስቲክ ላይ የማይነሳ ጄል ሰው ላይ ለምን እንደሚነሳ የማይገባችሁ ለዚህ ነው።

ንጽህና_ይቅደም፦
እኔ በነርስነትም በጥፍርም የምሰራ ስለሆነ ሁላችሁም የዘለላችሁትን ላንሳ። ደንበኛ የምታየው መጀመሪያ ዕቃችሁን ነው። ዕቃችሁ ንጹህ መሆኑን ስታውቁ ድምፃችሁ ራሱ ይለወጣል።

ሳሎን ውስጥ ያለችው በሰማያዊ መብራት የምትበራ "ዩቪ ሳጥን" ዕቃ አታጸዳም፤ ንጹህ ዕቃ ማስቀመጫ ናት ብላችሁ ያዟት። የብረት ዕቃ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጓንት አድርጋችሁ በሳሙናና በብሩሽ እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ፀረ ጀርም ውስጥ ጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ንከሩ። ሳይታጠብ የተነከረ ዕቃ ጸድቷል አይባልም፤ ቆሻሻው ለጀርሙ ጋሻ ይሆንለታል። ሌላ ፀረ ጀርም ካጣችሁ 5 ከመቶ ከሚል በረኪና አንድ እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፣ 0.5 ከመቶ ይሆናል፤ 10 ደቂቃ ነክራችሁ ወዲያው በንጹህ ውሃ አለቅልቁና አድርቁ። ከዚያ በላይ ከቆየ ኒፐራችሁን (የቆዳ መቁረጫውን) ያዝገዋል። በረኪናውን በየቀኑ አዲስ ቀላቅሉ፣ ከአልኮልም ሆነ ከአሴቶን ጋር በፍጹም አታገናኙት። አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ያለው ሳሎን ከሆነ 121 ዲግሪ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው፤ እሱ ያለበት ቤት ዕድለኛ ነው።

ፋይል፣ በፈር፣ የእንጨት ስቲክ አይታጠብም። ወይ ጣሉት፣ ወይ የደንበኛዋን ስም ጽፋችሁ ለእሷ ብቻ በወረቀት ኤንቨሎፕ አስቀምጡ (ፌስታል ውስጥ እርጥበት ይዞ ይሻግታል)። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደረቅ ነገር ላይ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። እናንተም ክትባቱን ውሰዱ፤ ሦስት ጊዜ ነው፣ ከመጀመሪያው በኋላ በ1ኛውና በ6ኛው ወር።

ደም ከወጣ አትደናገጡ፣ አትደብቁም። ስራውን አቁሙ፣ ጓንት አድርጉ፣ በንጹህ ጥጥ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ አጽዱ፣ ያን ፋይል ጣሉ፣ ብረቱን ከጠረጴዛ አውጡ። "ትንሽ ቆርጬሻለሁ፣ ይቅርታ፣ አጽድቼዋለሁ" ብሎ መናገር በቂ ነው። ኪዩቲክል በኒፐር መቁረጥን ግን ለጊዜው ተዉት፤ ተንጠልጥላ የቀረች ቁራጭ ካለች እሷን ብቻ። ሕያው ቆዳ ሲቆረጥ ወፍሮ ነው የሚመለሰው።

ጥፍሩ አረንጓዴ ከሆነ፣ ቢጫ ሆኖ ወፍሮ ከተፈረፈረ፣ ከሥጋው ከተላቀቀ፣ ዙሪያው አብጦ መግል ከያዘ፣ ወይም ኪንታሮት ካለ አትቀቡት። የበሽታ ስምም አትስጡት፤ እሱ የሐኪም ሥራ ነው። በዕድሜ ለሚበልጡ "እትዬ፣ ይሄን ጥፍር ብሸፍነው ይብስቦታል፤ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይዩት፣ የቀሩትን ዘጠኙን አሁን እሰራሎታለሁ" በሏቸው። የሚተላለፍ ከመሰላችሁ ግን ዘጠኙንም አትንኩ። ፔዲኪዩር ላይ ደግሞ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ሳትጠይቁ ምላጭም መፋቂያም እንዳታነሱ፤ ያለባቸው ሰዎች እግር ላይ ቁስል በቀላሉ አይድንም።

አዲስ_ቲፕ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የቁራጩን ውስጥ የማየቱ ነገር ማንም ነግሮን አያውቅም። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አክሪሊክ (ከፈሳሽና ከዱቄት የሚሰራው ጥፍር) በክረምት እምቢ ይለናል፤ አንዳንዴ እንደ በረዶ ነጭ ነጭ ይሆናል። ሌላው ደግሞ አንዲት ልጅ ጄል በነካች ቁጥር ጣቷ ያሳክካታል፣ "ይለምዳታል" እየተባለች ነው። እውነት ይለምዳል?

አክሪሊክ_ብቻ፦
ነጭ ነጩ የብርድ ነው። ክፍሉ፣ ፈሳሹ ወይም የደንበኛዋ ጣት ሲቀዘቅዝ አክሪሊኩ ሲደርቅ ክሪስታል ይሰራል፣ ከዚያ ይሰባበራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠዋት ከውጭ የመጣችን ሰው ወዲያው አትጀምሩ፤ እጇን በፎጣ ጠቅልላ ትንሽ ትሙቅ። ክፍሉ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ማሞቂያ ከከፈታችሁ ፈሳሹን ከአጠገቡ አርቁት፤ በጣም ተቀጣጣይ ነው።

የቀረው ብሩሹ ጫፍ ላይ ከፈሳሽና ከዱቄት የምትሰራዋ ኳስ ጉዳይ ነው። ብሩሹን ፈሳሹ ውስጥ ነክራችሁ አየሩን አስወጡ፣ አንዱን ጎን ብቻ በዕቃው ጠርዝ ጥረጉ፣ ጫፉን ዱቄቱ ላይ አሳርፋችሁ ቀጭን መስመር ጎትቱ። የያዛችኋት ኳስ ክብ፣ እርጥብና የሚያብለጨልጭ ትሁን፤ ጥፍር ላይ ስታርፍ ወደ 10 ሰከንድ ገደማ ቆይታ በራሷ ቀስ እያለች ትረጋ። ወዲያው ከፈሰሰች ፈሳሹ በዝቷል፦ ቆዳ ትነካለች፣ ትሸበሸባለች፣ ትነሳለች። ሳትረጋ ደብዛዛ ሆና ከቆመች ዱቄቱ በዝቷል፦ ጥፍሩን አትይዝም፣ ትፈረፈራለች። ለጀማሪ 8 ቁጥር ብሩሽ ይበቃል፤ 14 እና 16 ከያዛችሁ ኳሱ ይበዛባችሁና ቆዳው ላይ ታሯሯጡታላችሁ።

ሦስት ኳስ አሰላለፍ፦ የመጀመሪያዋ ጫፍ ላይ፣ ሁለተኛዋና ትልቋ መሃል ላይ፣ ሦስተኛዋ ትንሽዬ ኪዩቲክል አጠገብ፣ 1 ሚሊሜትር ራቅ ብላ። ከፍታው (አፔክሱ) ከኪዩቲክሉ ትንሽ ወደ ፊት ሄዶ፣ ጥፍሩ ከሥጋው የሚለያይበትን ቦታ እንዲደግፍ ነው የሚቀመጠው። ጥፍሩን በጎን አይታችሁ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ርዝመቱ በጨመረ ቁጥር እዚያው መሃል ላይ ይሰበራል፤ ሲሰበር ደግሞ የራሷን ጥፍር ይዞ ይሰበራል። ቲፕ (ጥፍር ማስረዘሚያ ፕላስቲክ) ስትመርጡ በሁለት ቁጥር መካከል ከሆነች ትልቁን ወስዳችሁ ጎኑን ፋይል አድርጉ። የጠበበ ቲፕ ጎኑን ስለሚጫነው ያማታል፣ ቶሎም ይወልቃል።

ፈሳሽ ስትገዙ ኢኤምኤ የሚለውን ፈልጉ። ኤምኤምኤ የተባለው ርካሽ ነው፣ ሽታው ያንቃል፣ አሴቶን አይፈታውም፣ ጥንካሬው ከጥፍሩ ስለሚበልጥ ሲመታ ጥፍሯን ገንጥሎ ይወጣል። በአሜሪካ ኤፍዲኤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከደረሰው ጉዳት ተነስቶ ንጹሑን ኤምኤምኤ በያዙ የጥፍር ምርቶች ላይ በፍርድ ቤት እርምጃ ወስዷል። መርካቶ ስም በሌለው ጀሪካን ተቀድቶ የሚሸጥ ፈሳሽ አትግዙ፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚነግራችሁ የለም።

ድሪል (በኤሌክትሪክ የሚዞር መፋቂያ) ለጀማሪ፦ የራሷ ጥፍር ላይ በደቂቃ ከ3,000 እስከ 5,000 ዙር በለስላሳ ቢት (የድሪሉ ጫፍ)፣ አሮጌ አክሪሊክ ለማሳነስ ከ10,000 በላይ። ቢቱ ከጥፍሩ ጋር ትይዩ ይተኛ። ጫፉን አዘንብላችሁ ኪዩቲክል አጠገብ ካቆማችሁት ቀይ ግማሽ ክብ ጉድጓድ ይተዋል፤ እሱ ደግሞ አድጎ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል። ሞቀኝ ካለች ተጭናችኋል ወይም አንድ ቦታ ቆይታችኋል።

አሰልጣኝ_ወ፦
ስለ ማሳከኩ፦ አይለምድም። ይብሳል። ያቺ ልጅ ዛሬውኑ ታቁም፣ የቆዳ ሐኪም ትይ።

ጄልም አክሪሊክም ውስጥ ያለው ነገር ሳይደርቅ ቆዳ ሲነካ፣ በተደጋጋሚ ሲነካ፣ ሰውነት ጠላት አድርጎ ይመዘግበዋል። አንዴ ከተመዘገበ ዕድሜ ልክ ነው። ጣት ላይ አይቀርም፤ ያው የቁሱ ቤተሰብ የጥርስ ሙሌት ውስጥና የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሲሚንቶ ውስጥ ስላለ ኋላ ላይ ሕክምና ሊያስቸግር ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ሄማ (ጄል ውስጥ የሚገባ አለርጂ የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር) የያዙ የጥፍር ምርቶች ለባለሙያ ብቻ እንዲሆኑ ከ2021 ጀምሮ የወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። ቲፒኦ የተባለውን፣ ጄል በብርሃን እንዲደርቅ የሚያደርገውን ሌላ ንጥረ ነገር ደግሞ፣ ይሄ እንኳ ከአለርጂ ጋር ሳይሆን ለመራባት ሥርዓት ጎጂ ተብሎ በመመደቡ፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከመዋቢያ ምርት ውስጥ አግዶታል፤ ሁለቱም ቀን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ጠርሙሶቻችሁ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ተግባሩ ይህ ነው። ቶፕ ከደረቀ በኋላ የሚቀረውን የሚያጣብቅ ሽፋን በጣታችሁ አትንኩ። ብሩሽ በጣት አትጥረጉ። የናይትራይል ጓንት አድርጉ፣ ጄል ሲነካው ወዲያው ቀይሩት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፋልና። ለብናኝ ኤን95 ማስክ ነው እንጂ የቀዶ ሕክምናው ሰማያዊ ማስክ አይበቃም፤ ለሽታው ደግሞ ማስክ ሳይሆን የተከፈተ መስኮት።

አንድ ተጨማሪ፦ ደንበኛ ላምፕ ውስጥ "አቃጠለኝ" ስትል "ቻይው" አትበሏት። ወፍራም ስለተቀባ ወይም ጥፍሯ ስለሳሳ ነው የሞቀው። እጇን ታውጣ፣ ትንሽ ቆይታ ትመልሰው፣ በሚቀጥለው ሽፋን አሳሱት።

የቦሌ_ወንበር፦
ሥራውን ተናገራችሁት፣ እኔ ስለ አፍ ልናገር። አዲስ ልጅ ደንበኛ የምታጣው በጥፍሩ ሳይሆን ቀድማ ባልተናገረችው ነው። ፋይል ከማንሳታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ መጨረሻ የተሰራሽው መቼ ነው፣ በምን? አሳክኮሽ ወይም አቃጥሎሽ ያውቃል? በእጅሽ ምን ትሰሪያለሽ? ለስንት ቀን ነው የምትፈልጊው? ልብስ በእጅ የምታጥብና ሕፃን የያዘች እናት ረጅም ሹል ጥፍር ይዛ በሁለተኛው ቀን ትመለሳለች፤ አጭር ክብ እንድታደርግ የመከርሻት አንቺ ከሆንሽ ግን ሁለተኛ ሌላ ቤት አትሄድም።

ነጭና ፈዛዛ ቀለም የምትመርጥ ካለች ስለ እርድና በርበሬ ንገሯት። አልጫ በእጅ ተበልቶ ወዲያው ካልታጠበ ቶፑ ላይ ቢጫ ይይዛል። ቶፑ በደንብ ከደረቀ በአልኮል ሲታሽ ብዙው ይለቃል፣ ካልደረቀ ግን ጠልቆ ይገባል። ቅቤ ፀጉሯን የተቀባች ቀንም ቀጠሮ አትስጡ፤ እጇ ሄዶ ሄዶ ፀጉሯ ላይ ነው።

የማትችሉትን ዲዛይን ሲያሳዩአችሁ "እሞክራለሁ" አትበሉ። "ይሄን ገና አልሰራውም፤ ይሄንና ይሄንን ግን አጥርቼ እሰራልሻለሁ" በሉ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሦስት አገልግሎት ብቻ ያዙ፦ ማኒኪዩር፣ ጄል ፖሊሽ፣ አሮጌ ጄል ማንሳት። አክሪሊኩን ሰዓታችሁ ሲስተካከል ጨምሩ።

ጥገና ደግሞ እስከ 7 ቀን ድረስ በነጻ አድርጉ። ለሰዉ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ጠረጴዛ_4፦
የቦሌ ወንበር፣ እዚህ ላይ አልስማማም። 7 ቀን ሁሉንም በነጻ ካልሽ በፐርሰንት የምትሰራ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጥገና ላይ ትውላለች። የአሰልጣኝን መንገድ ተከትላ መጀመሪያ ትመርምር። በኪዩቲክል ወይም በሙሉ ልጣጭ የተነሳው የባለሙያዋ ነው፣ በነጻ ትሥራ። ጫፉ የተሰበረው ወይም በጥርስ የተላጠው የደንበኛዋ ነው፣ ታስከፍል።

የቦሌ_ወንበር፦
ልክ ነሽ፣ ለይቶ ማወቅ ከቻለች እሱ ይሻላል። የማትለይ ከሆነ ግን አትከራከር፣ በነጻ ትሥራና ደብተሯ ላይ ትጻፍ። ደብተሩን ሁላችሁም ያዙ፦ ስም፣ ቀን፣ የቤዙ ስም፣ የላምፕ ሰከንድ፣ ስትመለስ የትኛው ጣት፣ በየት በኩል። ሲጨርሱና ሲመለሱ በስልክ ፎቶ አንሱ። ገጾቹ ሲበዙ ሁልጊዜ የሚያስቸግራችሁ ጣት ራሱ ብቅ ይላል፤ ብዙ ጊዜ የደንበኛዋ የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ናት፣ ለመያዝ ስለማትመች።

ሜሪላንድ_ያለሁ፦
ወደ አሜሪካ የመምጣት ሐሳብ ያላችሁ ካላችሁ፦ እዚህ ፈቃድ የሚሰጠው ስቴቱ ነው፣ የሰዓቱ ብዛትም በየስቴቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ 150 ሰዓት፣ ሜሪላንድ 250 ሰዓት ስልጠና ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ፈተና አለ። ፈተናው ላይ ከውበቱ ይልቅ ንጽህናው ነው የሚጥለው፤ ንጽህና ይቅደም የጻፈችውን አሁኑኑ ልምድ ካደረጋችሁት ግማሹን መንገድ ሄዳችሁታል። የስልጠና ሰዓታችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከማሰልጠኛችሁ ማኅተም አስደርጋችሁ ያዙ።

አዲስ_ቲፕ፦
የመጨረሻ ጥያቄ። የጥር ሠርግ እየመጣ ነው፣ ሙሽራዋ ሂናም ጥፍርም ትፈልጋለች። የቱ ይቅደም? ቀድሞ የነበረውን ጄልስ ጥፍሩን ሳንጎዳ እንዴት እናንሳ?

አክሪሊክ_ብቻ፦
ሂናው ይቅደም። ጥፍር ላይ የደረሰ ሂና ፈዛዛ ቶፕ ሊያቀልም ይችላል። ሂናው ተፍቆ ከተነሳ በኋላ ዘይት የሚቀቡ ስላሉ ጥፍሩን እንዳያስነኩት ለሂና ሰሪዋ ንገሯት፤ ከነካውም በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ከዚያ ነው ዝግጅት የሚጀመረው። ጥፍሩን ከሠርጉ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም አድርጉት፤ የሆነ ነገር ቢነሳ ለመጠገን ጊዜ ይኖራችኋል። ለሙሽራ አዲስ ምርት አትሞክሩ።

ማንሳቱ፦ የቶፑን ብልጭታ በ100 ወይም በ180 ፋይል ስበሩ፣ ካልተሰበረ አሴቶን አይገባም። ዙሪያውን ቆዳ ቫዝሊን ቀቡ። ጥጡን በጥፍሩ ልክ ቁረጡ፣ ንጹህ አሴቶን አርሱት፣ በፎይል አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። በክረምት ፎይሉ ላይ ሞቅ ያለ ፎጣ ጣሉበት፣ አሴቶን ሲሞቅ ቶሎ ይሠራል፤ እሳትና ማሞቂያ ግን አይጠጋ። ሲከፈት ጄሉ ተሸብሽቦ መነሳት አለበት፣ በእንጨት ስቲክ ቀስ ብሎ ይገፋል። ካልተገፋ መልሳችሁ 5 ደቂቃ ጠቅልሉ። በፑሸር ፈልቅቃችሁ ካወጣችሁት የጥፍሩን ሽፋን ይዞ ይወጣል፤ የሳሳ ጥፍር ላይ ደግሞ የሚቀጥለው ጄል አይቆይም፣ ላምፕ ውስጥም ያቃጥላታል።

አሰልጣኝ_ወ፦
ለጥር የምትዘጋጁ ከሆነ አሁኑኑ የአንድ እጅ አምስት ጣት ብቻ እየሰራችሁ በሰዓት ተለማመዱ፤ ንጹህ እጅ ላይ ግማሹ ሥራ ከ35 ደቂቃ በታች ሲገባ የሙሽራ ቀጠሮ መቀበል ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ከመጣችላችሁ ሚዜዎቹን ያዙ፣ ሙሽራዋን ለሚበልጥ ሰው ስጡና አጠገቧ ተቀምጣችሁ ላምፕና ማበስ አግዙ።